ከጎማው ሥር ያለው ድንጋይ

እናቴ ባረፈች በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ከኮን ከተማ ወደ ላሊበላ ስመጣ ጭኔ ላይ ባትሪ ታቅፌ ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ከላይ ልጫነው ብሎ ሁለት ጊዜ ቢለምነኝ እንቢ አልኩት፤ ተጋድሞ አሲዱ ቢፈስ ማን ሊመልስልኝ ነው። ለተዝካር የሚሄድ ሰው እህል ወይም ጌሾ ይይዛል። እኔ የያዝኩት በሾፌር እጅ ከወልድያ ያስመጣሁትን አዲስ የመኪና ባትሪ ነው። ጋሸና ላይ መኪና ስቀይር አንዲት ሴትዮ ጥቁር ልብሴንና ያቀፍኩትን ካርቶን አፈራርቀው አዩና «ምን ይሆን እንዲህ የሳሳሽለት?» አሉኝ። «የአባቴ ነው» አልኳቸው። ነገሩ እንደገባቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኮን ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራት አይደለም፤ ኋላ የሚመጣውን ውርደቴን አንባቢ በልኩ እንዲመዝነው ነው። ኤሌክትሪክ በምን እንደሚያልፍና በምን እንደማያልፍ ስንትና ስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ ለፍልፌያለሁ። ያልገባው ልጅ ሲያጋጥመኝም ቶሎ እበሳጫለሁ። ጠባዬ ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት ይመስለኛል።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሾፌር ነበሩ። እንግዶችን ከላሊበላ በብልባላ መስመር፣ በየገደሉ ሥር ወዳሉት አብያተ ክርስቲያናት ያመላልሱ ነበር። መኪናቸው እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራች፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሮቿ በእናቴ መርፌ አሥር ጊዜ የተጣፉ ናት። የሰፈሩ ሰው «አሮጊቷ» ይላታል፤ አባቴ ፊት ግን ይህን ስም የሚደፍር የለም። እሳቸው «መኪናዬ» ነው የሚሏት። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ሥራ ባይኖራትም በሳምንት ሦስት አራት ቀን ጠዋት አስነስተው እስከ ገበያው ይነዷታል። የቆመ መኪና ይሞታል ባይ ናቸው።

ላሊበላ ላይ ሜዳ ብርቅ ነው። ቤታችን ዳገቱ ላይ ሆኖ በበራችን የሚያልፈው መንገድ እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ የደከመበት ሰው ሁሉ መኪናውን አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማል። ጠዋት ይለቃታል፣ ማርሽ ያስገባል፣ ትነሳለች። ይህ እኛ ዘንድ እንደ ብልሽት አይቆጠርም። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ጋራዥ ይወስዳታል፤ እኛ ቁልቁለት ስላለን ማንም አይጨነቅም። አባቴም ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አልተጨነቁም። የእጅ ፍሬኗ ስለማይይዝ ግን ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያስፈልጋት ነበር። ድንጋዩን የምታነሳው እናቴ ነበረች።

ነገሩ ሥርዓት ነበረው። አባቴ ገብተው ይቀመጣሉ። እናቴ የሞተሩን ክዳን ከፍታ፣ ሞተሩ በብርድ እንዲነሳ የአየር መዝጊያውን ቀጭን ሽቦ በጣቷ ስባ ትይዛለች፤ ሾፌሩ ከውስጥ የሚስብበት እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል። አባቴ «እስቲ ዛሬ» ይሉና ቁልፉን ያዞራሉ። ጠቅ ይላል። አንዳንዴ እንደ በሽተኛ አቃስቶ ግማሽ ዙር ይዞርና ይቆማል። «በይ ድንጋዩን» ይላሉ። እናቴ ክዳኑን ትዘጋለች፣ መቀነቷን ታጠብቃለች፣ በአንድ ጉልበቷ ትንበረከካለች። አባቴ ፍሬን ረግጠው ይይዛሉ፤ እሷ ድንጋዩን ግራና ቀኝ እየነቀነቀች ከጎማው ሥር አላቅቃው፣ አቅፋው ዞር ትላለች። መኪናዋ ትወርዳለች፤ መንገዱ ዳር ያለው ዋንዛ ዛፍ ጋ ስትደርስ አባቴ ፍሪሲዮን ይለቃሉ፤ ትንገጫገጭና ትነሳለች። እናቴ የሞተሩን ድምፅ እስክትሰማ ድረስ ድንጋዩን እንዳቀፈች መንገዱ መሀል ትቆማለች። ከዚያ በፊት አስቀምጣው አታውቅም።

አመሻሽ ላይ ደግሞ መኪናዋ ገና ከታች ስትመጣ በድምፅዋ ታውቃታለች። እጇ ሊጥም ይሁን አመድ ነክቶት፣ ጥላው ትወጣለች። አባቴ ከላይ አዙረው አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገው ሲቆሙ ድንጋዩ ከጎማው ፊት ይጠብቃቸዋል። ትልቅ ድስት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ነው። ልጅ ሆኜ እንደ ቤታችን ዕቃ እቆጥረው ነበር፤ ከየት እንደመጣም ማን እንዳመጣውም ጠይቄ አላውቅም።

በዚህ ድንጋይ ምክንያት እናቴ ከቤቷ ውጭ አድራ አታውቅም። ብልባላ አንዲት ታላቅ እህት አለቻት። ከእናታቸው ማኅፀን ሁለት ብቻ ናቸው። እናቴ እዚያ ስትሄድ ጠዋት ሄዳ ማታ ነው የምትመለስ። አክስቴ «እንደው አንድ ሌሊት እንኳ እደሪልኝ» ሲሏት «ድንጋዩን ማን ያነሳል?» ትላለች። ጎረቤት ሞልቷል፤ እሷ ግን ይህን ለሰው አትሰጥም፣ አባቴም ለሰው ስጪ አይሏትም። «እኔስ እህቴን ለሰው የዳርኳት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለድንጋይ ኑሯል» እያሉ አክስቴ ይስቁባታል። ስቀው ሲጨርሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። እኔ በሳቅ ብዛት ያነቡ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ በጥቅምት ወር ሁለት ቀን ብቻ ታማ ሞተች። የቀብሯ ዕለት አክስቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የዚያችን መኪና ድምፅ ሲጠብቁ ዋሉ። እግራቸው ከተያዘ፣ ዓይናቸውም ከደከመ ቆይቷል፤ ያንን መንገድ በበቅሎም አይችሉትም። እኛ ቤት ግን መኪናዋን ያሰበ ሰው አልነበረም። ድንጋዩ ከጎማዋ ሥር እንዳለ ቆማ ዋለች፤ አስከሬኑም በአጠገቧ አለፈ። ሲመሽ አክስቴ በጎረቤት ስልክ ደወሉና አባቴን «እህቴን ሳታሳየኝ ቀበርካት?» አሏቸው። አባቴም «ለአርባዋ እኔው ራሴ መጥቼ፣ በመኪናዬ እወስድዎታለሁ» አሉ። «ካልመጣህ ከእንግዲህ ፊትህን እንዳላይ» ብለው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ አባቴ መኪናዋን አልነኳትም። ጎረቤት «ድንጋዩን ላንሳልዎና ትንሽ ያንቀሳቅሷት» ቢላቸው «ተወው» አሉት። አንድ ወር አልፎ ቀኑ ሲቃረብ ገብተው ቁልፉን ቢያዞሩት ጠቅ ማለት እንኳ የለም። ያን ዕለት ኮን ደወሉልኝ። «ባትሪዋ ሞቷል ልጄ» አሉኝ። «ለአርባው እትዬን ካላመጣሁ እሳቸው ይቅር አይሉኝም። እኔም ከዚያ ወዲያ በምን ፊቴ እቀመጣለሁ?» አባቴን ሲለማመኑ ሰምቼ ስለማላውቅ ስልኩን ይዤ የመምህራን ክፍል ውስጥ አለቀስኩ። ባትሪውን ያስመጣሁት በማግሥቱ ነው።

ላሊበላ እንደደረስኩ ሻንጣዬን ሳልፈታ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ያስተማሩኝ ደንብ አለ፤ መኪና አልነሳም ስትል ከባትሪው ተነስተሽ መንገዱን ሳትዘልዪ ተከተይ ይላሉ። ተከተልኩ። የአሮጌው ባትሪ ውሃ ደርቆ ውስጡ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል፤ ራሶቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ጎምርቶባቸዋል። ፈታሁት፣ ገመዶቹን በሙቅ ውሃ አጠብኩ፣ ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አበራሁ፣ አዲሱን ባትሪ አሰርኩ። የፊት መብራቷን ሳበራው ቦግ አለ። አባቴ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ገብተው ተቀመጡ። «እስቲ ዛሬ» አሉ። ቁልፉን አዞሩት። ሞተሪኖው አቃሰተ፣ ግማሽ ዙር ዞረ፣ ቆመ። እንደ ድሮዋ።

«አባ፣ ባትሪው ከያዘ በግፊም ትነሳለች እኮ» አልኳቸው። «ድንጋዩን እኔ ላንሳ።»

«አይ» አሉ። «ድንጋዩን አትንኪው።»

በድምፃቸው ደነገጥኩ። አልተከራከርኳቸውም። እኔም በውስጤ በቁልፍ እንድትነሳ ነበር የምፈልገው። ተዝካሩ ሲያልፍ እኔ ወደ ኮን እመለሳለሁ፤ እሳቸው እዚህ ዳገት ላይ ብቻቸውን ይቀራሉ። ጎማው ሥር የሚንበረከክላቸው ሰው የለም። መኪናዋ በቁልፍ ካልተነሳች ከቤት አይወጡም፤ ከቤት ካልወጡ ደግሞ እንደ መኪናዋ ነው የሚሆኑት።

«እንደገና ያዙሩልኝ፤ መብራቱን ልይበት» አልኩ። አዞሩት። ሞተሪኖው ሲያቃስት የፊት መብራቱ አልደበዘዘም። ባትሪው ቢሆን ኖሮ መብራቱም አብሮ ይሞት ነበር። ጉልበቱ አለ ማለት ነው፤ ሞተሩ ዘንድ ግን አይደርስም፣ ወይም ደርሶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ተዘግቷል። የኅዳር ብርድ ነበርና ለሦስተኛው ሙከራ የአየር መዝጊያውን መሳብ አስፈለገ። ክዳኑ ሥር ጎንበስ ብዬ ያችን ቀጭን ሽቦ በጣቴ ስቤ ያዝኩ። ሳላስበው እናቴ የምትቆምበት ቦታ ላይ፣ እናቴ እንደምትቆመው ቆሜያለሁ።

አባቴ ቁልፉን አዞሩ። ሽቦዋ ጣቴን ፈጀችኝ።

ጮኼ ለቀቅኳት። «ምነው?» አሉ ከውስጥ። «ሙቅ ውሃው ነው» አልኳቸው። ውሃው ከቀዘቀዘ ቆይቶ ነበር። ጣቴን አፌ ውስጥ አስገብቼ እዚያው ክዳኑ ሥር እንደጎነበስኩ ቀረሁ፤ ምን እንደሆነ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገብቶኝ ነበርና።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለዕረፍት የመጣሁ ጊዜ ነው። ምሳ እየበላን እናቴ ጣቷን ዘርግታ አሳየችን፤ የሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ ቀይ መስመር ነበር። «እንደው ይቺ ሽቦ ቁልፉን ባዞሩ ቁጥር ታቃጥለኛለች፤ ደኅና ነገር ነው?» አለች። አባቴ ሳቁ። «ሞተር አይሞቅም ወይ?» አሉ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ የተማርኩት እኔ ነኛ። «ሞተር ስለሆነ ነው እማ የሚሞቅ» አልኳት። «ሞተሩ እኮ ገና አልተነሳም» አለች። «ሳይነሳ በምን ይሞቃል?» እኔም ሳቅሁ። «ተይ እማ፣ አንቺ ደግሞ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም። በማግሥቱ ጣቷ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ ሽቦዋን ስትይዝ አየኋት፤ ያንንም አይቼ ምንም አልጠየቅሁ።

ሳይነሳ በምን ይሞቃል። እኔን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይህን ጥያቄ ቢጠይቀኝ አስጨበጭብለት ነበር። ትልቁ መመለሻ ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ ያገኘውን ቀጭን መንገድ፣ ሞተሩንና የመኪናዋን አካል የምታገናኘዋን ያችን ሽቦ፣ ይዞ ይሄዳል፤ ቀጭኑ መንገድ ደግሞ ይግላል። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር በጣቷ አገኘችው። እኛ ሁለት ዐዋቂዎች ሳቅንባት።

ሞተሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዝ አንድ የተጎነጎነ ወፍራም ሽቦ አለ። የባትሪው ጉልበት ዞሮ የሚመለሰው በእሱ ነው። ተጋድሜ ከሥር ገብቼ ፈለግሁት። ሽቦው ደኅና ነበር፤ ብሎኑም ጥብቅ ነው። የታሰረበት ቦታ ግን ባዶ ብረት አልነበረም፣ አረንጓዴ ቀለም ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ለገና እንግዶች ብለው አባቴ መኪናዋን በሙሉ ፈታተው በገዛ እጃቸው ቀቧት። የቀለሙ ሽታ ሳምንት ሙሉ ከቤታችን አልወጣም። ከውስጥም ከውጭም አንዲት ጣት ሳያስቀሩ ቀብተው፣ ሲጨርሱ ሽቦውን ከቀለሙ በላይ መልሰው አሰሩት። «ከቀባኋት ወዲህ ዕድሜ ተጫናት፤ ድሮ በቁልፍ ነበር የምትነሳ» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። ዕድሜ አልነበረም። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

አባቴ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎችን ለመቀበል ወደ ቤት ገብተው ነበር። ብሎኑን ፈታሁ፣ ቀለሙን በቢላ ፋቅሁት፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ ሲበራ ሽቦውን መልሼ አሰርኩ። ሥራው አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከመኪናዋ ሥር ሳልወጣ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ ቦታ ሆኜ ጎማውንና ድንጋዩን አያለሁ። ከድንጋዩ ፊት አፈሩ ጎድጉዶ ነበር፤ የአንድ ጉልበት ልክ።

አባቴን ጠራኋቸው። ቁልፉን ገና ነካ ሲያደርጉት ሞተሩ ተነሳ። ደንግጠው አጠፉት። እንደገና አስነሱት። እንደገና። እንደ ሕፃን ሳቁና ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ፤ ዞር ብለው ወደ ቤቱ በር አዩ። የሚነግሩት ሰው የለም።

«ምኗ ነበር?» አሉኝ።

«ባትሪው ነው አባ» አልኩ። «ገመዱም ትንሽ ላልቶ ነበር።»

«ባትሪ ነዋ! እኔስ ምን አልኩ።» ጣቴን አይተው «ውሃው ክፉኛ ነው የፈጀሽ» አሉ። ከዚያ መኪናዋን ወደ ኋላ ፈቅ አደረጓት፤ ድንጋዩ ማንም ሳይነካው ባዶ መንገድ ላይ ቀረ። በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ያልተጸጸትኩበት ያ ብቻ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት በብርድ ያንበረከካት እፍኝ የማይሞላ ቀለም ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው? አርባዋ በደረሰበት ሰሞን?

በማግሥቱ በጠዋት ብልባላ ሄድን። አክስቴ እንደ ቀብሩ ዕለት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አባቴ ወርደው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ አክስቴ በእጃቸው ያዟቸው። ሁለቱም ብዙ አለቀሱ። ስድብ የለ፣ ወቀሳ የለ፤ አክስቴ «መጣህ» ብቻ ነው ያሉት። ደግፈን ከኋላ ወንበር አስቀመጥናቸው። የእሳቸው ደጅ ሜዳ ነው፤ ድሮ እዚህ ስንመጣ ሰው ተጠርቶ ነበር የምንገፋው።

አባቴ ቁልፉን አዞሩና ተነሳች።

«ምነው ሳትገፋ?» አሉ አክስቴ።

«ድናለች እትዬ» አሉ አባቴ፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «ልጄ ባትሪ ቀየረችላት።»

«ሽቦዋስ?»

«የትኛዋ ሽቦ?»

«እህቴን ጣቷን የምትፈጃት ናታ። ባለፈው ፋሲካ እጇን ይዤ ስዳስሰው ጠባሳ አገኘሁበት። ምንድን ነው ብላት፣ 'የመኪናዋ ሽቦ ናት፤ ብነግራቸው ሳቁብኝ፤ መቼም እነሱ ናቸው የሚያውቁ' አለችኝ። ብልሽቷ እሷው ጋ ይሆን እያልኩ ሳስብ ነበር።»

ሞተሩ ይንኳኳል። አባቴ ወደ ጣቴ አዩ። በጨርቅ ጠምጥሜው ነበር። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞርኩ፤ ያ መዞሬ ነገሩን ነገራቸው። ማርሽ አስገቡ።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ አክስቴ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ «የትኛው ነበር ብልሽቷ?» አሉኝ አባቴ ዝግ ብለው። ነገርኳቸው። ሽቦውን፣ ብሎኑን፣ ቀለሙን።

«እኔ የቀባሁት ቀለም» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ስንት ጊዜ ወሰደብሽ?»

ልዋሽ ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። «ጥቂት ደቂቃ» አልኳቸው። ቤት ስንደርስ እንደ ልማዳቸው ከላይ አዙረው አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገው አቆሟት፤ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ፍሬኑን እንደረገጡ፣ ወደ ቤቱ በር እያዩ ተቀመጡ። ምን እንደሚጠብቁ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወርጄ ድንጋዩን በእግሬ እያንከባለልኩ ከጎማው ፊት አደረስኩት። ከዚያ አጠፉት።

ተዝካሩ ደኅና ሆኖ አለፈ። ካህናቱ መጡ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ሰው በላ ጠጣ። አክስቴ መቃብሯ አጠገብ ተቀምጠው ብዙ ሰዓት ቆዩ። አባቴ ሰውን ሁሉ በደንቡ አስተናገዱ፤ ከእኔ ጋር ግን ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ተቆጥተውኝ መስሎኝ ነበር። ስለ ደበቅኳቸው ይገባኛል አልኩ። እኔም በበኩሌ ተቆጥቼባቸው ነበር፤ አንድ ሽቦ ሳያዩ ሃያ ዓመት! ከዚያ ደግሞ የራሴ ሳቅ ትዝ ይለኛል፤ ቁጣዬ መሄጃ ያጣል።

በማግሥቱ ጠዋት አክስቴን ልንመልስ ነበር። ስወጣ አክስቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል፤ እጃቸው ግራሶ ነክቶት መፍቻ ይዟል።

«ግቢና ቁልፉን ሞክሪው» አሉኝ።

ገብቼ አዞርኩት። ጠቅ አለ። እንደገና አዞርኩት። አቃሰተና ቆመ።

«አባ?»

«ወፍራሙን ሽቦ ፈትቼዋለሁ» አሉ። «ዛሬ ለአንድ ቀን ነው፤ ማታ መልሰሽ ታስሪዋለሽ። አሁን ፍሬኑን ረግጠሽ ያዢ።»

ልናገር ስል ክዳኑን ዘግተው ወደ ጎማው ሄደዋል። ከመሪው ኋላ ሆኜ የሚታየኝ የራሳቸው ሽበት ብቻ ነበር። ተንበረከኩ። ድንጋዩን ሲነቀንቁት እሰማለሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አልወጣም። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አክስቴ ከኋላዬ «ማነው የሚያነሳው?» አሉ።

«አባ ናቸው።»

«ይየው» አሉ። «ይየው ልጄ።» ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ድንጋዩ ወጣ። አባቴ አቅፈውት ብድግ ሲሉ ተንገዳገዱ፤ ወርጄ ልይዛቸው ፈለግሁ፣ ነገር ግን ፍሬኑን ብለቅ መኪናዋ እሳቸው ላይ ነው የምትሄደው። ወደ ዳር ሲሉልኝ ለቀቅኳት። ወረደች፤ ዋንዛው ጋ ስደርስ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፣ ተንገጫገጨችና ተነሳች። አቁሜ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። አባቴ መንገዱ መሀል ቆመዋል። ድምፁን ሰምተዋል፤ ድንጋዩን ግን አላስቀመጡትም።

ሞተሩን ባጠፋው አትነሳም፤ ጥያት ብወርድ ትንሸራተታለች። ጠበቅኋቸው። ድንጋዩን እንዳቀፉ ቀስ እያሉ ቁልቁለቱን ወረዱና መስኮቴ አጠገብ ደረሱ። ሸሚዛቸው በአፈር ተለውሷል፣ የአንድ ጣታቸው ጥፍር ደምቷል።

«ይከብዳል» አሉኝ።

«ያስቀምጡት አባ።»

«አንድ ቀን እንኳ ከበደኝ ብላኝ አታውቅም» አሉ። «እኔም ጠይቄያት አላውቅም።»

በሩን ከውስጥ ከፈትኩላቸው፤ አልገቡም። ድንጋዩን የት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸው ግራና ቀኝ ያያሉ። እኔም ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን እየሰጠሁ ጠበቅኋቸው።